የለውዝ ሸለቆ

ኬሉሽ ይሏታል ሰፈሬን። ስሟ ሁለት ፍቺ አለው፤
አንዱ «እንዴት ያለ ብርሃን!» ብሎ መስፍን ያደነቀው፣
ሌላው ከዐረብ ዘመን፣ ከአራሽ አንደበት የቀረ፣
«የለውዝ ሸለቆ» ተብሎ ሲወራ የኖረ።
እኔ ለኋለኛው አደላለሁ። ብርሃን የማንም ነው፤
ለውዝ ግን ተካይ አለው፣
ቅርፊቱን በድንጋይ ሰብሮ ልጁን ያጎረሰ ሰው።

ቤቴ ላይ ነው፣ ከአብርሃም ተራራ፣ ከሰባተኛው ፎቅ፤
ልብስ ሳሰጣ ሊዝበን ትታየኛለች በሩቅ።
ከሕንፃው ጀርባ የጥንት መቃብር፣ ቋጥኝ ተደግፎ በቋጥኝ፣
ከዘውድም ከመስቀልም በፊት ሰው ሰውን የቀበረበት ነው አሉኝ።
ቅዳሜ ማታ ጎረምሶች ቢራ ይጠጡበታል፤
ሟቾቹ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም፤ ዝምታም ይሰለቻል።

አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ፣ ሕዝቡ ወደ ከተማ ሲጋፋ፣
አናጢው፣ አስታማሚዋ፣ የባቡሩን መስኮት በትንፋሽ ሲያጠፋ፣
እኔ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ስፖንጄን ከባልዲ ሰንቄ፣
ወደ ነገሥታቱ ግቢ፣ በጓሮ በር ዘልቄ።
ዙልሚራ ነኝ፣ የሸክላ አጣቢ።

ውቅያኖስ የገዙ ሰዎች፣ የአባቴን ደሴት በካርታ
በጣት ጥፍር የሸፈኑ፣ ወንዝ አማራቸው ለጨዋታ።
ጃሞርን፣ ያን ምስኪን ጅረት፣ በበጋ እንቁራሪት የማያሰጥም፣
ግራ ቀኙን በሸክላ ለበጡት፣ በሰማያዊ ቀለም፤
ወደብ ሣሉበት፣ መርከብ፣ ድልድይ፣ አዳኝ ከነውሻው።
ከዚያ መዝጊያ ጣሉበት፤ ሞላ፣ ከፍ አለ ውሃው፤
በጀልባ ዞሩበት፣ ሁለት መቶ እርምጃ የማይሞላ ባሕር፣
ቫዮሊን እየተመታ፣ ሻማ እየተንጠባጠበ በዳር።

በአንድ ኅዳር ጠላት መጣ። ሳጥኑ ሞላ፣ ብሩ ተጠቀለለ፣
ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ወደ ብራዚል ኮበለለ።
የውሃ መዝጊያውን ግን ማን ይጫነው? እዚሁ ዝጎ ቀረ፤
ወንዙም ቂሙን ዋጥ አድርጎ፣ አጎንብሶ ኖረ።

ሽማግሌው ዘበኛ፣ ኩሽቶዲዮ፣ ዝናብ ሲያጉረመርም አይቀመጥም።
ስለ ሌላው ኅዳር ሲያወራኝ ድምፁን ከፍ አያደርግም።
በእኩለ ሌሊት ጃሞር፣ ዕዳውን ሊሰበስብ ወረደ፤
አልጋ ወራሽ ቢያጣ፣ አልጋቸው ላይ የተኙትን ወሰደ።
እህቱ ኤርሚንያ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።
ሲነጋ የቤታቸው በር ተገኘ፣ ከነቁልፉ፣ ከወይን ማሳ ዳር።
ቤቱ ግን አልተገኘም። ጋዜጣውም ሙታን መቁጠር ጀምሮ
መሃል ላይ ዝም አለ፣
ከበላይ አካል ተመክሮ።

አሁን በላያችን አውራ ጎዳናው ያገሳል፣ አባቴ ያቦካው ሲሚንቶ፤
ከሥሩ የጎረቤቶቼ በቆሎ፣ ያለ ፈቃድ ቆሞ፣ አሽቶ።
አንድ ለውዝም አለ፣ ተካዩ ያልተጠየቀ፣
በየካቲት ባቡር ሲያልፍ ነጭ በነጭ የደመቀ።

ሸክላውን ሳጥብ፣ ከተሣለው መርከብ ሥር፣ ከጉልበቴ በላይ፣
ያልለቀቀ የጭቃ መስመር አለ፣ ለጎብኚ የማይታይ።
አለቃዬ «አሲድ ጨምሪበት» ይላል። እሺ እላለሁ።
አልጨምርም። ዙሪያውን አጥባለሁ።

ዛሬም ሰማዩ ጠቆረ። ኩሽቶዲዮ ከጥበቃ ጎጆው ወጣ፣
ጃንጥላ ሳይዝ፣ ኮፍያ ሳያደርግ፣ ወደ ቦዩ መጣ።
«ዙልሚራ፣ መዝጊያው ክፍት ነው?»
መዝጊያው ከተነቀለ ስንት ዘመኑ። እኔ ግን ሄጄ አየሁት፤
«ክፍት ነው» አልኩት።